የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከየት ይወጣል?

ዛሬ ማታ ሳይከራይ የሚያድር ክፍል ገቢው ቀረ ማለት ነው። ያልተሸጠ ጨርቅ ነገ ገዢ ያገኛል፤ የትናንት አልጋ ግን ዛሬ አይሸጥም። የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከሁሉ በፊት ሒሳብ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

መቶ ክፍል ያለው ሆቴል 60ውን በ3,000 ብር ቢያከራይ 180,000 ብር ያስገባል። ዋጋውን ወደ 2,000 ብር አውርዶ 80 ክፍል ቢያከራይ የሚያገኘው 160,000 ብር ነው። የተያዘው ክፍል በዝቷል፣ ገቢው ግን ቀንሷል፤ የሚታጠበው አንሶላ፣ የሚፈሰው ውኃ በ20 ክፍል ጨምሯል። ብዙ ክፍል በመያዙ ብቻ የሚደሰት ሰው ገና ሥራ አስኪያጅ አልሆነም።

በአገራችን አንጋፋው የሙያው ትምህርት ቤት በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመውና ለረጅም ዘመን የካተሪንግና ቱሪዝም ማሠልጠኛ ሲባል የኖረው ነው። እንግዳ አቀባበል፣ የክፍል አያያዝ፣ ምግብ ዝግጅት፣ መስተንግዶ ይማሩበታል። በሆቴል ማኔጅመንት በዲግሪ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ትምህርቱ ያስፈልጋል፤ ወጪ መቆጣጠርና የሠራተኛ ሕግ በልምድ ብቻ አይገኙም። ቋንቋም እንዲሁ፤ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ የሚናገር ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል።

ከውጭ መጽሐፍ የማይገኝ እውቀትም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። የሥጋና የቅቤ ግዥውን ከጾሙ ጋር ያላስማማ ሰው ማቀዝቀዣው ውስጥ ገንዘብ ያበላሻል። ላሊበላ ላይ የሚሠራም ለገና የሚመጣውን ሕዝብ ወራት ቀድሞ ካላሰበ፣ በበዓሉ ዋዜማ መፍትሔ አያገኝም።

ይህ ሁሉ እውቀት የሚፈተነው ግን ሌሊት ነው። እንግዳ ሻንጣው ሲጠፋበት፣ በረራ ሲዘገይ፣ ጄኔሬተር እንቢ ሲል ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ አለቃ የለም፣ ውሳኔው በእንግዳ ተቀባዩ እጅ ይወድቃል። የዕለቱ ሒሳብም የሚመሳከረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንተ ዲግሪህን ይዘህ የወጣህ ወጣት፣ አንቺም፣ መጀመሪያ የሌሊት ፈረቃ ሲሰጣችሁ አይክፋችሁ። ካልሰጧችሁም ራሳችሁ ጠይቁ።