ካርታ ልማር ወይስ ብሬን ልያዝ?

«በጂኦግራፊ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አሁን የምሠራው ሞባይል ቤት ነው። ጓደኞቼ ‹የጂአይኤስ ሰርተፊኬት ያዝና ሥራ ራሱ ይፈልግሃል› ይሉኛል። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነው፤ ክፍያው ግን የሁለት ወር ደመወዜን ጠራርጎ ይወስዳል። ያጠራቀምኳት ብር ደግሞ ለታናሽ እህቴ ቤት ኪራይ ያሰብኳት ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ደብዳቤው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችሁ ነው። ጂአይኤስ ማለት ባጭሩ ካርታንና መረጃን ኮምፒዩተር ላይ ማጋባት ነው። ይህ ማሳ የማን ነው? መንገዱ በየት ይለፍ? ጎርፍ ቢመጣ የቱን ሰፈር ይወስዳል? እንዲህ ላለው ሁሉ መልስ ይፈለግበታል። ሙያው እውነተኛ ሙያ ነው። ወሬ የበዛው ወረቀቱ ላይ ነው!

እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ በቀጥታ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝና፣ ስለ ወረቀት ሳወራ ቅናት ይመስልብኝ ይሆናል። ይምሰል። እስቲ ግን ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ዲግሪ ይላል፣ የሥራ ልምድ ይላል፣ ከቴክኒክና ሙያ ለወጣ ደግሞ ደረጃና ሲኦሲ ይላል። የሦስት ሳምንት ሰርተፊኬት አንዱንም አይተካም። እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለ፤ ይህንኑ ነገር ለዓመታት የተማሩ ልጆች ከፊትህ ተሰልፈዋል ማለት ነው። ሥራው ራሱም ሞገድ አለው። በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው ሊፍት የተባለው የመሬት ምዝገባ ፕሮግራም ከ2014 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ የገበሬውን ማሳ በካርታ ሲያስመዘግብ ብዙ ሰው ይፈልግ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የፕሮጀክት ኮንትራትም አብሮ ያልቃል።

ታዲያ አትማር ልልህ ነው? ኧረ በፍጹም! የምልህ፣ ብርህን ከማውጣትህ በፊት በነፃ የሚገኘውን ጨርሰው ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። አንዴ ከጫንከው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። የላንድሳት ሳተላይት ፎቶዎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የአውሮፓው ሴንቲኔልም ገና ከጅምሩ በነፃ ይታደላሉ። ወጪው ላፕቶፑ ላይ ነው። ላፕቶፕ ሳይኖርህ ሥልጠና ብትገባ፣ በወሩ የቀረህን ራስህ ታየዋለህ።

መለማመጃስ? አጠገብህ ተኝቶልህ! እምቦጭ ጣናን መውረሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ተወራለት። አንተ ደግሞ ሳለው። ክረምቱን ደመና ስለሚያስቸግር የጥቅምትና የኅዳር ፎቶዎችን ምረጥ። ሴንቲኔል ሁለት አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነውን ቦታ አንድ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። በዓይን በማናየው ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ በሚሉት፣ ውሃው ጨለማ ሲሆን ለምለም ቅጠል ቦግ ብሎ ይወጣል። ደስ ብሎህ «በቃ አገኘሁት!» ትላለህ። ቆይ እንጂ! የዳር ዳሩ ደንገልም እኮ ቅጠል ነው፤ የፎገራ ሩዝም ቅጠል ነው። የቱ እምቦጭ፣ የቱ ደንገል እንደሆነ ለመለየት ጂፒኤስ ይዞ ዳር ድረስ መሄድ፣ ዓሣ አጥማጁን መጠየቅ ግድ ነው። ሙያው እዚህ ጋ ይጀምራል።

ክፍያ የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ብቻህን የማትወጣው ነገር አለ። ለምሳሌ የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ ነው የሚለካው። ሳታስታርቅ ብትደርባቸው አንዱ ከሌላው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። መቶ ሜትር በገበሬ ማሳ ላይ ምን ጠብ እንደሚያስነሳ አስበው! እንግዲህ ወደ ማሠልጠኛው ሂድና ይህንን ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቅ። ኮምፒዩተሩ ለአንድ ሰው ነው ለአራት? ሜዳ ትወጣላችሁ? ስትጨርስ የራስህን ካርታ ይዘህ ትወጣለህ ወይስ የመምህሩን ካርታ ስትገለብጥ ትከርማለህ? መልሱን ትተው ሰርተፊኬቱ ማኅተም እንዳለው ብቻ ከነገሩህ፣ ደህና ዋሉ ብለህ ውጣ።

ወንድሜ፣ የእህትህን ኪራይ አትንካት። ላፕቶፕ ካለህ፣ ከሌለህም ከጓደኛ ተውሰህ፣ ሦስት ወር ማታ ማታ ጣናህ ላይ ሥራ። የእምቦጭህን ካርታ ከሁለት የተለያዩ ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጠህ ካሳየህ፣ ማመልከቻህ ላይ አያይዘው። የሆነ ቦታ ላይ ከተቸከልክ ያኔ ክፈል፤ ምን ልትጠይቅ እንደምትገባ ታውቃለህና ሦስቱ ሳምንት አያንስህም።

መሬት አስተዳደር ወይም ግብርና ቢሮ ተቀጥራችሁ ያላችሁት ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። ወንበሩን ይዛችኋል፤ መሥሪያ ቤታችሁ ከከፈለላችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ተመዝገቡ።