ጾታና የአየር ንብረት ለውጥ በአነስተኛ የዓሣ እርባታ

አነስተኛ የዓሣ እርባታ ማለት ገበሬ በጓሮው ወይም በማሳው ዳር በቆፈረው ኩሬ ለምግብና ለገበያ ዓሣ የሚያረባበት የግብርና ዘርፍ ነው። ደቡብ ወሎ በዓሣ የሚታወቀው በምሥራቅ በኩል ባሉት በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ነው። በምዕራቡ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ግን ዓሣ ማርባት የሚፈልግ ሰው ኩሬ መቆፈር ይኖርበታል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኢትዮጵያ በብዛት የሚረባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውሃ በደንብ ያድጋል፤ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፣ ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። ካርፕ ብርድን የተሻለ ይችላል። ስለዚህ የአየሩ መሞቅ ብቻውን ለደጋው ዓሣ ጉዳት ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ሥጋት የውሃ እጥረት ነው።

የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጠበቃል። የዓቢይ ጾምም የሚውለው በዚሁ ወቅት ሲሆን፣ በጾም ዓሣ መብላት አከራካሪ ቢሆንም የዓሣ ገበያ ይደምቃል። በልግ ሲቀር ኩሬው የሚጎድለው እንግዲህ ዓሣው በሚፈለግበት ጊዜ ነው።

ውሃ መቅዳት በአብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ሥራ ነው። ርዝመቱና ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ በትነትና በስርገት 10 ሳንቲሜትር ቢጎድል 10,000 ሊትር፣ ማለትም 500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጣ ማለት ነው። ይህን ተሸክሞ መሙላት የማይታሰብ ነው፤ ምንጭ ሲርቅ ደግሞ ለቤት የሚሆነው ውሃ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል።

ውሃ ሲሞቅና ሲያንስ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። መጠኑ ዝቅ የሚለው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ይህን ቀድማ የምታየው ማልዳ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ የምትበትነው ሴት ናት። የግብርና ሥልጠና ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው አባወራውን ነው። ምልክቱን ያልተማረ ሰው ዓሣው የራበው መስሎት መኖ ሊጨምር ይችላል፤ የተረፈው መኖ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም አንድ ላይ ይይዛል። ኩሬ መቆፈር ግን የወንድ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። ወንድ የሌላት እማወራ ወይ በደቦ ታስቆፍራለች፣ ወይ ትከፍላለች። ጉልበት ሲያጥር ኩሬው ጥልቀት ያጣል፤ በድርቅ ቀድሞ የሚደርቀውም ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። ከኩሬው አንዱን ጥግ ከሌላው አጥልቆ መቆፈር ዓሣው ውሃ ሲጎድል የሚሸሽበት ቦታ ይሰጠዋል።