እውነት ወይስ ተረት? ስለ መዝናኛ ፓርክ ንድፍ ውድድርና ስለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚወሩ ነገሮች

ሮለር ኮስተርና መዝናኛ ፓርክ የሚወዱ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚያካሂዱት የወዳጅነት ውድድር አለ። አዘጋጁ አንድ ርዕስ ይሰጣል፤ የተተወ የወደብ ከተማ ሊሆን ይችላል፣ የበረሃ ገበያም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እኩል የሆነ ባዶ መሬት ይታደላል፣ የማስረከቢያ ቀን ይቆረጣል። ተወዳዳሪው ፕላኔት ኮስተርን ወይም ፓርካይቴክትን በመሰለ ጌም ፓርኩን ይሠራል፤ ከዚያ አጭር ቪዲዮ አቀናብሮ ያስረክባል። ድምፅ የሚሰጡት ዳኞች ወይም ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ሽልማት የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም። እኔ ይህን ውድድር ከልቤ እወደዋለሁ። ንድፍን፣ ታሪክ መተረክንና ፊልም ማቀናበርን በአንድ ሥራ የሚያስተምር ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ያሳዘነኝ ግን ብዙ ወጣቶችን ገና ሳይሞክሩት የሚመልሱ ወሬዎች መኖራቸው ነው።

የሚባለው፦ «ይህ የልጆች ጌም ነው፤ ንድፍ አይባልም።»

ተረት ነው። ስኮትላንዳዊው ፕሮግራመር ክሪስ ሶየር እ.ኤ.አ. በ1999 ሮለር ኮስተር ታይኩንን ሲያወጣ፣ የጌሙን ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ሁሉንም በአሴምብሊ ቋንቋ የጻፈው ራሱ ነበር። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ መጫወቻ በሦስት ነገር ይመዘናል፦ ምን ያህል ያስደስታል፣ ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህል ያቅለሸልሻል። ከልክ በላይ ኃይለኛ ሮለር ኮስተር የሠራ ተጫዋች እንግዶቹ ከመግቢያው ሲመለሱ ያያል።

ይህ የጌም ሕግ ብቻ አይደለም፤ የገሃዱ ዓለም ሰዎች በሰውነታቸው ከፍለው የተማሩት ነው። በ1895 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የተከፈተው ፍሊፕ ፍላፕ ቀለበቱ ፍጹም ክብ ስለነበር፣ ሰረገላው ወደ ቀለበቱ ሲገባ ጫናው በአንድ ጊዜ ያርፍና የተሳፋሪውን አንገት ይጎዳ ነበር። በ1976 ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሽቴንገል ከአምራቹ አንቶን ሽቫርትስኮፕፍ ጋር በካሊፎርኒያው ማጂክ ማውንቴን «ሬቮሉሽን»ን ሲሠራ ክቡን ተወው። ቀለበቱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አለ፤ ጫናውም ቀስ እያለ የሚጨምር ሆነ። ዛሬ በጌም ውስጥ ሐዲድ የሚያጥፍ ወጣት ያንኑ ጥያቄ ነው የሚፈታው። ኖሊሚትስ የተባለው የሮለር ኮስተር ማስመሰያ ደግሞ ለኢንዱስትሪው ሰዎች የተዘጋጀ የሙያተኛ ቅጂ ጭምር አለው።

የሚባለው፦ «ትልቁና ረጅሙ ፓርክ ያሸንፋል።»

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መሬቱን በሙሉ ይሞላል፣ ሰማይ ጠቀስ ሮለር ኮስተር ይተክላል፣ ከዚያ ጊዜው ያልቅና ግማሹ ፓርክ ቀለም ሳይቀባ ይቀራል።

በ1955 የተከፈተውን የካሊፎርኒያውን ዲዝኒላንድ ተመልከቱ። በመሐሉ የቆመው ቤተ መንግሥት ቁመቱ 23 ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ የሚመስለው የታች ድንጋዮቹ ትላልቅ፣ የላዮቹ ደግሞ እያነሱ እንዲሄዱ ተደርገው ስለተሠሩ ነው፤ ዓይን ልዩነቱን እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። በዋናው ጎዳና ያሉት ሕንጻዎችም ፎቆቻቸው ወደ ላይ ሲሄዱ ያንሳሉ። ቤተ መንግሥቱም የቆመው በጎዳናው ጫፍ፣ ከመግቢያው የሚመጣው ሰው ፊት ለፊት ነው። መንገደኛው ማንም ሳይመራው እግሩ ወደዚያ ያመራል። በጌም ውስጥ ይህን ለመሥራት ተጨማሪ መሬት አያስፈልግም፤ ምን ከየት እንደሚታይ ማሰብ ይበቃል።

ቀጥሎ ሰልፉ አለ። አንድ ባቡር 28 ሰው ይጭናል እንበል። በየ90 ሴኮንዱ የሚነሳ ከሆነ በሰዓት 40 ጊዜ ይወጣል፤ 1,120 ሰው አስተናገደ ማለት ነው። ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ ተጨናንቆ በየሦስት ደቂቃው ከሆነ ግን 560 ብቻ። ሐዲዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጣቢያው ነው። ስለዚህ ጣቢያውን በደንብ ያሰበ ተወዳዳሪ ሐዲዱን በእጥፍ ካስረዘመው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ዳኛም እንዲህ ያለውን ይጠይቃል፦ ሰልፈኛው ጥላ አለው? መጸዳጃው የት ነው? ሠራተኞች ከእንግዳ ዓይን ተሰውረው የሚገቡበት በር አለ? ሕፃን የያዘች እናት ልጆቿ ሲጫወቱ የምትቀመጥበት ቦታ የት ተሠራ?

ትንሽ ግን የተጠናቀቀ አደባባይ፣ ሰፊ ግን ባዶ ከሆነ ፓርክ ይሻላል። ይህን ሳልጠራጠር እላለሁ።

የሚባለው፦ «ውድ ኮምፒውተርና ውድ ሶፍትዌር የሌለው አይሞክረው።»

ግማሹ እውነት ነው። ፕላኔት ኮስተር ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ኦፕንአርሲቲ2 የተባለው ነጻ ፕሮጀክት ግን የድሮውን ሮለር ኮስተር ታይኩን 2 በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያስኬዳል፤ የሚጠይቀው የዚያኑ ጌም ፋይሎች ነው። በጽሑፍና በሥዕል ብቻ የሚካሄዱ ውድድሮችም አሉ። የዲዝኒላንድ የመጀመሪያ ትልቅ ሥዕል የተሣለው በመስከረም 1953 ነው፤ ዋልት ዲዝኒ እያወራ ሠዓሊው ሄርብ ራይማን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨረሰው። ወንድምየው ሮይ ዲዝኒ ያንን ወረቀት ይዞ ነው ገንዘብ ለማፈላለግ ኒው ዮርክ የወረደው።

ስለ ኤዲቲንግ ግን ወሬው ሙሉ በሙሉ ተረት ነው። ዳቪንቺ የሚባለው የቀለም ማስተካከያ መሣሪያ በአንድ ዘመን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ዕቃ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን ኩባንያውን በ2009 ከገዛው በኋላ ግን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚገኝ ቅጂ አለው። ሾትከትና ኬደንላይቭ ፈጽሞ ነጻ ናቸው፣ ሪዞልቭ የሚከብደው ኮምፒውተርም ይችላቸዋል። ጌሙን ከስክሪን ለመቅዳት ኦቢኤስ ስቱዲዮ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ኮምፒውተሩ ከባድ ፋይል ሲያጫውት የሚንቀራፈፍ ከሆነ ፕሮክሲ የሚባለውን መንገድ ተጠቀሙ፤ ሶፍትዌሩ አነስተኛ ጥራት ያለው ቅጂ አዘጋጅቶ በእሱ ያሠራችሁና፣ መጨረሻ ላይ ሲያወጣው ዋናውን ፋይል ይጠቀማል። አዲስ አበባ ውስጥ በስልካቸው ካፕከት ላይ ጥሩ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ለሁለት ደቂቃ የፓርክ ቪዲዮ ያ ችሎታ በቂ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ግን የአፑ ምልክት በመጨረሻው ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ተመልከቱ።

የቅርብ ጊዜ ሶፍትዌር የግድ ነው ለሚል ደግሞ ሁለት ፊልሞችን ልጥቀስ። የኦስካርን ምርጥ ፊልም ሽልማት በ2020 የወሰደው የኮሪያው «ፓራሳይት» የተቀናበረው በ2009 በወጣው ፋይናል ከት ፕሮ 7 ነው። በ2025 በምርጥ አኒሜሽን ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» ደግሞ የተሠራው ማንም በነጻ በሚያወርደው ብሌንደር ነው።

የሚባለው፦ «ቪዲዮው ማሸጊያ ነው፤ ኢፌክት ሲበዛበት ያምራል።»

ሁለቱም ስህተት ነው። እኔን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይህ ወሬ ነው።

ዳኛው ፓርካችሁ ውስጥ የመራመድ ዕድል ላይኖረው ይችላል። እሱ ዘንድ የሚደርሰው እናንተ ካሜራውን ባሳለፋችሁበት መንገድ ነው። በቪዲዮው ያላስገባችሁት አደባባይ ለእሱ አልተሠራም። ዲዝኒላንድን ከነደፉት ሰዎች ብዙዎቹ ከፊልም ሥራ የመጡ ነበሩ፤ ፓርኩንም እንደ ፊልም ነው ያሰቡት። እንግዳው ከትኬት በሩ አልፎ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ባለ አጭር ዋሻ ያልፋል፤ ለቅጽበት ዓይኑ ይጋረድና ወዲያው ጎዳናው ይከፈትለታል። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገር የመንገዱ ንጣፍ፣ ተክሉና ሙዚቃው ቀስ በቀስ ይለዋወጣሉ። በዲዝኒ ለረጅም ዘመን የሠራው ጆን ሄንች ይህን ሽግግር አንዱ ምስል በሌላው ውስጥ እየሟሟ ከሚተካበት የፊልም ስልት ጋር ያያይዘው ነበር። ዋልት ዲዝኒም በጥቅምት 1966፣ ከመሞቱ ሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ሊሠራት ያሰባትን የኤፕኮትን ከተማ ዕቅድ ለሕዝብ ለማስረዳት የመረጠው ፊልም ነው፤ ከትልቅ ካርታ ፊት ቆሞ ዕቅዱን ሲያብራራ ተቀርጿል።

እንግዲህ ፓርክ መንደፍም ቪዲዮ ማቀናበርም አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሱት፦ ሰውየው ቀጥሎ ምን ይይ? «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት»ን አቀናብሮ ኦስካር ያገኘው ዋልተር መርች የአንድን ቆረጣ ጥሩነት በስድስት መመዘኛ ሲደለድል፣ ለስሜት 51 በመቶ ሰጥቷል። ታሪክ 23፣ ምት 10 ነው ያገኙት። የሚሽከረከሩ፣ የሚፈነዱና ብልጭ የሚሉ መሸጋገሪያዎች ድልድሉ ውስጥ የሉም።

በተግባር እንዲህ ሞክሩት። ካሜራውን ከወፍ በረራ አውርዱና በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ መሬት አጠገብ አስኪዱት። ከመግቢያው ጀምሩ። ዋናውን መጫወቻ መጀመሪያ በዛፍ መሐል በከፊል ብቻ አሳዩ፤ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ሲደረስበት ይሁን። የሰው ጩኸት ከሩቅ ሲሰማ ምስሉ ገና መንገዱ ላይ ይቆይ፤ ድምፁ ቀድሞ ሲመጣ ተመልካቹ በራሱ ፈልጎ ይከተላል። ሮለር ኮስተሩን ከፊት ወንበር ስታሳዩ ቁልቁለቱን አትቁረጡት። እዚያ ላይ መቁረጥ ለሳምንታት የተደከመበትን ነገር በገዛ እጅ ማበላሸት ነው።

የሚባለው፦ «በ4ኬ ካወጣሁት ጥራቱ ይጨምራል።»

አይጨምርም። በ1080 የተቀዳ ምስል በ4ኬ ቢወጣ ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ዝርዝሩ አይበዛም። «ክሊፑን ከቆረጥኩት ዋናው ፋይል ይጠፋል» የሚለው ስጋትም እንዲሁ ነው፤ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ዋናውን ፋይል አይነኩትም፣ የት ይጀምር የት ያብቃ የሚለውን ብቻ ነው የሚመዘግቡት። ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወራችሁት ግን ፕሮጀክቱ ያጣዋል።

የሚባለው፦ «ሙዚቃው ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ችግር የለም።»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሰው ዜማ እስከዚህ ሴኮንድ ድረስ በነጻ ይወሰድ አይልም። የዘፋኙን ስም መጻፍም ፈቃድን አይተካም። ለወዳጅነት ውድድር የሚሆን መፍትሔ ግን ቅርብ ነው። የዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ እንደ ኬቨን ማክላውድ ያሉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የሚያወጡ አቀናባሪዎችም አሉ። የሚጠይቁት የዜማውን ርዕስ፣ የሠሪውንና የፈቃዱን ስም በግልጽ መጻፍ ነው። በገና ወይም ክራር የሚጫወት ጓደኛ ያለው ደግሞ ሌላ ማንም ዘንድ የማይገኝ ድምፅ አለው፤ ፈቃዱን ጠይቆ ይቅዳው።

የሚባለው፦ «የወዳጅነት ከሆነ ትችት አይኖርም።»

ይኖራል፣ መኖርም አለበት። ወዳጅነቱ የሚታየው ትችቱ ሥራውን እንጂ ሠሪውን ባለመንካቱ ነው። «አልወደድኩትም» ማንንም አይረዳም፤ «ከገበያው ስወጣ ወደ የት እንደምሄድ ጠፋኝ» የሚለው ግን ይረዳል። ውጤት ሲመጣ ከነጥቡ በፊት አስተያየቱን አንብቡ። ሁለት ዳኞች በአንድ ቦታ መንገድ ጠፋን ካሉ መጀመሪያ ቪዲዮውን እንደገና እዩት፦ ቆረጣው ነው ያደናገራቸው ወይስ መንገዱ? ቆረጣው ከሆነ በሁለቱ ምስሎች መሐል መገንጠያውን የሚያሳይ አንድ ምስል ጨምሩ። መንገዱ ከሆነ ፓርኩን ክፈቱና ከመገንጠያው በስተጀርባ ከሩቅ የሚታይ ነገር አቁሙ።