ነጭ ሽንኩርትና ኅቡእ ኃይሉ

የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ባርነት ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ፣ መናው ሰልችቷቸው እያለቀሱ ካስታወሷቸው ጣዕሞች አንዱ ነጭ ሽንኩርት እንደ ነበረ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ተጽፎ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ከወርቁ ጋር የነጭ ሽንኩርት ራሶች ስለ ተገኙ፣ ይህ ከማዕከላዊ እስያ የፈለቀ ተክል ለባሪያውም ለንጉሡም ማዕድ የተገባ ሆኖ መኖሩ ግልጽ ነው።

ከጥንታዊነቱ ይልቅ እጅግ የሚደንቀኝ ግን ባሕርይው ነው። ያልተላጠ ራስ ጓዳ ውስጥ ቢሰነብት ሽታው እምብዛም አይሰማም፤ አሊይን የተባለው ንጥረ ነገርና አሊይኔዝ የተባለው ኤንዛይም በየፍልቃቂው ውስጥ ተለያይተው ስለሚኖሩ፣ ቢላዋ ካልነካው ወይም ዘነዘና ካልወረደበት በቀር አይገናኙም። ሲገናኙ ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለይተው ያሳወቁት አሊሲን ወዲያው ይወለዳል፤ ምላስን የሚለበልበውም፣ ተክሉን ሊበላ የመጣውን ተባይ የሚያባርረውም እርሱ ነው። እሳት ኤንዛይሙን ስለሚያጠፋው፣ ራሱ ሳይፈለቀቅ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ለስላሳና ጣፋጭ ሲሆን፣ በጥሬው የተወቀጠው ያቃጥላል።

እንግዲህ የየአገሩ የወጥ ቤት ጥበብ የሚለየው በዚህ ኃይል አያያዝ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር በሙቀጫ አድቅቀው፣ የወይራ ዘይቱን በጠብታ እያንጠባጠቡ፣ እጅ ሳያርፍ እያሹ፣ አዮሊ የተባለውን ወፍራም ማባያ ያወጣሉ፤ ሊባኖሳውያን ደግሞ ሎሚ ጨምረውበት እንደ ወተት የነጣውን ቱም ያዘጋጁና ከተጠበሰ ዶሮ ጋር ያቀርቡታል። ሁለቱም እሳት አይነካቸውምና ኃይሉ ሳይጓደል ይደርሰናል፤ ዘይቱ ግን ቁጣውን ያበርድለታል፤ በእኔ አስተያየት ከነጭ ሽንኩርት ሥራ ሁሉ የላቀው ይህ ነው። ኮርያውያን ከጎመንና ከበርበሬ ጋር አብላልተው ኪምቺ ያደርጉታል። በሕንድ ያሉ ጃይናውያን በሃይማኖታቸው ሥርዓት ፈጽሞ አይቀምሱትም።

በአገራችን በበርበሬው ድልዝ፣ በአዋዜውና በሚነጠረው ቅቤ ውስጥ ይገባል። በወጥ ጊዜም ባለሙያዪቱ ቀዩን ሽንኩርት አስቀድማ በደንብ ታቁላላና የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት ኋላ ትጨምረዋለች፤ ይህም ትክክለኛ ሥርዓት ነው፤ ቀድሞ ገብቶ በጋለ ዘይት ከጠቆረ ይመራልና፣ ከዚያ በኋላ ቅመምም ሆነ ቅቤ ወጡን አያቃናውም።