ጠንካራ ጎማ ሞተር አያረጋጋም

በሆሳዕና ጋራዦችና ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ በሚመላለሱ ሹፌሮች ዘንድ አንድ ወሬ ሥር ሰዷል። ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ መኪና ሲመጣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ጎማ ይወጣና፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ተቆርጦ የተሠራ ይገባበታል። «ኦሪጅናሉ ለስላሳ ስለሆነ ነው ቶሎ የሚያልቀው፤ ደረቁ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል» ይባላል። ፈጽሞ ስሕተት ነው። ገንዘብ ያስወጣል፤ ሰው የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

ስለ ጎማው ምንነት ብዙ ማለት አያሻም። በሁለት ብረቶች መካከል በሙቀት የተጣበቀ ጎማ ነው፤ አንዱ ብረት ከሞተሩ፣ ሌላው ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰራል። ክብደት መሸከምና ሞተሩን ከቦታው እንዳይነቃነቅ መያዝ ድፍን ብረትም ይችላል። ጎማ ያስፈለገው ንዝረቱ ወደ ሻንሲው እንዳይሻገር ነው። ወሬው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

ባለአራት ፒስተን ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ በደቂቃ 750 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። 750ን ለ60 አካፍለን በ2 ብናባዛው 25 ይሆናል፤ ሞተሩ በሰከንድ 25 ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሞተሩ ጎማው ላይ እንደተቀመጠ አንዴ ገፋ ተደርጎ ቢለቀቅ በራሱ ልክ ይወዛወዛል። ያን ልክ የሚወስኑት የሞተሩ ክብደትና የጎማው ጥንካሬ ናቸው። የሞተሩ ግፊትና የራሱ ውዝዋዜ እኩል ሲሆኑ እያንዳንዱ ግፊት በቀደመው ላይ ይደረባል። ውኃ በባልዲ የተሸከመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እርምጃው ከውኃው ውዝዋዜ ጋር ሲገጥም ውኃው እየዘለለ ይፈስሳል፣ እርምጃውን ሲለውጥ ይረጋል።

ስለዚህ መሐንዲሱ የሞተሩን የራሱን ውዝዋዜ ከሚኒሞው ግፊት በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ግፊቱ ከራሱ ውዝዋዜ 1.41 እጥፍ እስኪበልጥ ድረስ ጎማው ንዝረትን ያባብሳል እንጂ አይቀንስም። ሁለት እጥፍ ሲደርስ ግን ወደ ሻንሲው የሚሻገረው ኃይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። እንግዲህ የራሱ ውዝዋዜ በሰከንድ 12.5 የሆነ ሞተር እንውሰድ፤ ለ25 ግፊት ልክ ነው። ጥንካሬው አራት እጥፍ የሆነ ጎማ ብናስገባበትስ? ውዝዋዜው የሚያድገው በጥንካሬው ስኩዌር ሩት ስለሆነ 12.5 የነበረው 25 ይሆናል። ለመሸሽ የተፈለገው ቁጥር ላይ በገዛ እጃችን አስቀመጥነው። ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጡት ሹፌሩና ጋቢና የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ናቸው።

ጎማው ከዚህም የባሰ ከደረቀ ሞተሩ ሲያዩት ረጋ ይላል፤ ወሬውን ያጸናውም ይህ ነው። ነገር ግን ንዝረቱ አልጠፋም፤ ወደ ሻንሲው ተሻግሯል። ውሎ አድሮ የጭስ ማውጫው ይሰነጠቃል፣ ቡሎኖች ይላላሉ። ያን ጊዜ ጎማውን የሚጠረጥር የለም።

እርግጥ ስሌቱ ነገሩን ያቀልለዋል። ሞተር ወደላይና ወደታች ብቻ አይንቀሳቀስም፤ ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፣ አስቸጋሪውም በርዝመቱ ዙሪያ የሚወዛወዘው ነው። የጎማ ጥንካሬም ሲበርድና ንዝረቱ ሲፈጥን ይጨምራል። የእሽቅድምድም መካኒኮች ድፍን ብረት ያስገባሉ የሚለው እውነት ነው፤ እነሱ ግን ስለ ንዝረት አይጨነቁም። ሆሳዕና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ያልተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ይበዛበትና ሚኒሞው ይዛባል። በዚህ ምክንያት የሚንቀጠቀጥን መኪና የትኛውም ጎማ አያድነውም፤ መጀመሪያ ካንዴላውና ነዳጁ ይታይ።

ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ የሸቭሮሌ መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ ችግሩ ይኸው የሞተር ጎማ ነበር። ጎማው ከብረቱ ሲላቀቅ ሞተሩ በገዛ ጉልበቱ ሽቅብ ይነሣል። ሲነሣ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ይጎትታል፤ ነዳጅ ሲጨመር ደግሞ ይብስ ይነሣል። የፍሬን ማገዣውም አብሮ ሊከዳ ይችላል። መፍትሔ የተባለው ሞተሩ እንዳይነሣ በብረት ገመድ ማሰር ነበር። ተቆርጦ የተሠራው ጎማ ከብረት ጋር ከመጀመሪያውም አልተጣበቀም። የአንጋጫን ዳገት በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ ሚኒባስ ሞተሩ ከሚያመነጨው የመጠምዘዝ ኃይል አራት እጥፍ ገደማ በመቀመጫዎቹ ላይ ያሳርፋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን የያዘው ቡሎኑ ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ የጎማው ቀዳዳ ከቡሎኑ ጋር መግጠሙ አይበቃም፤ ለዚያው ሞተር የተሠራ መሆኑ ይጣራ። የግራና የቀኙ በብዙ መኪኖች ስለሚለያዩ አይቀያየሩ፤ አንዱ ካለቀ ሌላውም አብሮ ይለወጥ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር መጀመሪያ ይጠገን፤ የተፈጥሮ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጥና ይበሰብሳል። ቡሎኑም የመጨረሻውን የሚጠብቀው ሞተሩ በሙሉ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ከጠበቀ ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀርና አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል።