የፎቶግራፍ ሌንስ መዝገብ ሲሳሳት

ከሰቆጣ አጠገብ ያለውን፥ ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ፎቶግራፍ አንሥቼ በኮምፒዩተር ብመለከተው የበሩ መቃን ጎብጦ አገኘሁት። የጥንት ሰዎች ያቃኑትን እኔ አጎበጥሁት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በተዋስሁት ኒኮን ካሜራ ላይ የገጠምሁት ሌንስ አሮጌ ነበር። እንዲህ ያለው ሌንስ ለካሜራው ራሱን የሚያስታውቅበት የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው ልኩን ሰው በእጁ ይመዘግብለታል። እኔም የ50 ሚሊሜትሩን አውጥቼ የ28ቱን ስገጥም መዝገቡን ሳልለውጥ ቀረሁ። ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይልም ስሕተቱን ይዞ ይኖራል፤ የማረሚያው ፕሮግራም የተጻፈለትን አምኖ ወይ ለሌላ ሌንስ የሚገባውን እርማት ያደርጋል፥ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ሥፍራውን ያላየ ሰው ግንቡ ያዘመመ ይመስለዋል።

ዳርክቴብል በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሌንስ ማረሚያውን ከፍቶ ትክክለኛውን ሌንስና ሚሊሜትር በእጅ መምረጥ ይቻላል፤ ይህ ግን በጥሬው ፋይል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አይነካም። እርሱን ለማቃናት ኤግዚፍቱል የሚባለው ፕሮግራም 50 የሚለውን 28 ብሎ ይጽፋል፤ የዋናውንም ፋይል ግልባጭ ራሱ ያስቀምጣል። (ግልባጩን ለማጥፋት አትቸኩሉ።) ከዚህ በኋላ ዳርክቴብል መዝገቡን እንደ ገና እንዲያነብ ማዘዝ ያሻል፤ አለዚያ ቀድሞ ያነበበውን 50 ይዞ ይቀራል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ሁለት ማታ ፈጀብኝ።