ሁለቱ የጣሪያ ርግቦች



ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አርሲ የሚጓዝ ሰው የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት ወደ ኋላው ትቶ ሽቅብ ይወጣና፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከምትገኘው ከሁሩታ ይደርሳል። በዚያም በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተሰልፈው የሚያያቸውን ወፎች ሁሉ «ርግብ» ብሎ ያልፋቸዋል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። በደጋው ከተሞች ጣሪያና በገደል አፋፍ የሚኖሩ ሁለት ዐይነት የዱር ርግቦች አሉና፤ በዛሬው ንግግራችን የምንለያቸው እነዚህን ነው።

አንደኛውን ባለ ነጭ አንገትጌ እንበለው። አካሉ እንደ ዝናብ ደመና ጠቆር ያለ ግራጫ ሲሆን፥ በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። በሚበርበትም ጊዜ በክንፉ ላይ ነጭ ነገር ብልጭ ይላል።

ሁለተኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው። ጀርባው የሸክላ መልክ ያለው ቀይ ቡናማ፥ ክንፉም ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ነው። ዐይኑን ላባ የሌለው ቀይ ቆዳ ይከብበዋል።

እንግዲህ ርግቡን ሲያዩ በመጀመሪያ ዐይኑን፥ ቀጥሎ ጀርባውን፥ በመጨረሻም ማጅራቱን ይመልከቱ። ፀሐይ ከበስተኋላው ሆና መልኩን ብታጠቍርብዎ አይቸኩሉ፤ እስኪበር ድረስ ይታገሡ። ሰው የሚያረባው ርግብ ደግሞ መልኩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ በአንድ ምልክት ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም።

«ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ባለ ነጠብጣቡ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ በአያሌ አገሮች ይገኛል። ባለ ነጭ አንገትጌው ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ባሕር ደሴትን እንደሚከብብ ደጋውን ቆላው ከብቦታልና፤ ይህ ወፍ እንደ ደሴት ነዋሪ ይቈጠራል። ጀርመናዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ምሳሌውን ያውቀዋል። ሁለት ፋይሎች በአንድ ስም ቢቀመጡ፥ አንደኛው በጠፋ ጊዜ ሁለተኛው በቦታው ስለሚታይ ጠያቂ አይገኝም። የርግቡም ነገር እንዲሁ ነው። ባለ ነጭ አንገትጌው ዛሬ በብዛት ይገኛል፤ ለመጥፋት ያሠጋል ከሚባሉትም ወገን አይደለም። ነገር ግን አንድ ዘመን ቢጐድል፥ ባለ ነጠብጣቡ በዚያው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ያልለየነውን ነገር መጥፋቱን ልናውቅ አንችልም።

ስለዚህ በሁሩታም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ነገ ጧት ወደ ሥራዎ ሲሄዱ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ።